የጓሮ አትክልት ለማስተማር አስቀድሞ ምን መማር ያስፈልጋል?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ፣ ሳይማር ለሚጠመጥም ሰው የተነገረ ይሁን እንጂ ለብዙ ዐይነት ሥራ የሚሆን ምክር ነው። እኔም ምሳሌውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ በትክክል የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት ክረምት፣ እዚሁ እንጅባራ፣ በአንዲት ጎረቤታችን ጓሮ ውስጥ ነው። ነገሩን ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ። ውድ አንባቢ ሆይ! ዛሬ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ለማስረዳት የፈለግሁት፣ አንድ ሰው ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዱ፣ ለጎረቤቶቹ የጓሮ አትክልት ለማስተማር ቢነሣ ምን ምን መማር እንደሚገባው ነው።

የጓሮ አትክልት ጥቅሙ ምንድር ነው?

የአዊ አገር ዝናብ የሚበዛበት ለም አገር ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ዳንግላ ከርሷ ዝቅ ብላ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ክረምት በገባ ጊዜ ምድሩ ሁሉ ይለመልማል። ይሁን እንጂ በየጓሯችን ዞረን ብንመለከት ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ጎመን፣ ድንች፣ ጌሾና ጥቂት ጤና አዳም ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ ጓሮው ባዶውን ይቀርና ለወጥ የሚሆነው ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ይሆናል። እንጀራ ሆድን ይሞላል፤ ነገር ግን ቅጠላ ቅጠልንና ካሮትን የመሰለ ምግብ የማያገኝ ሕፃን ቪታሚን ኤ ያንሰዋል። ቪታሚን ኤ ያነሰውም ልጅ ሲመሽ ዐይኑ አያይለትም፤ ይህንንም ዳፍንት እንለዋለን። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ያወጣው፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲቀር በማሰብ ነው። እንዲህ ያለው ትልቅ ዐሳብ በመጨረሻ የሚፈጸመው በየቤቱ ድስት ውስጥ ነው፤ ድስቱም የሚሞላው ከጓሮ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የኑሮ ዋስትና ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ወረዳዎች ብዙ ገበሬ መሬቱን ዲከረንስ በሚባለው፣ ከአውስትራልያ በመጣው ዛፍ ሸፍኖ፣ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ከሰል እያከሰለ በመሸጥ ሲጠቀም ኖሯል። ዛፉ በደከመ መሬት ላይ የሚበቅል ስለ ሆነ ብዙ ቤተሰብ ከችግር አውጥቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ገብቶበት በብዙ ቦታ አደረቀው። አንድ ቤተሰብ ኑሮውን ሁሉ በአንድ ተክል ላይ የጣለ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ እንማራለን። ጓሮ ትንሽ ብትሆንም ብዙ ዐይነት ተክል ትይዛለች፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ባለሙያ እያለ ጎረቤት ለምን ያስተምራል?

ይህ ጥያቄ ከአባቴ ቀርቦልኝ ነበር፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። በአገራችን አሠራር በአንድ የገጠር ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታስቧል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከልም በየቀበሌው እንዲኖር ተደርጓል። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ የሚኖረው አባወራና እማወራ ብዙ ነው። የልማት ሠራተኛው ሐሳብ ደግሞ በጤፉ፣ በስንዴው፣ በድንቹና በማዳበሪያው ላይ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት ጓሮ ለመዝለቅ ጊዜ ያጥረዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የከተማ ነዋሪዎች ስለ ጓሯቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የግብርና ሠራተኞቹ ለሁሉ መልስ ለመስጠት አቃታቸው። ስለዚህ ከሕዝቡ መካከል ፈቃደኞችን መርጠው አሠለጠኑ፤ ፈቃደኞቹም ለተማሩት ትምህርት ዋጋ ይሆን ዘንድ የተወሰነ ሰዓት ሕዝቡን በማስተማር እንዲያገለግሉ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች በ1973 ሥራ ጀመሩ፤ ስማቸውም «ማስተር ጋርድነር» ተባለ፤ በእኛ አነጋገር የአትክልት ባለሟያ እንደ ማለት ነው። ዛሬ ይኸው ዐይነት ሥልጠና በብዙ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገርና በካናዳም ይሰጣል።

በአገራችንም ቢሆን የግብርናን ትምህርት ወደ ገበሬው የማድረሱ ሥራ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1953 ተጀምሮ፣ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ተማሪ ወደ ገጠር ወጥቶ ማገልገሉም አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከትምህርታቸው መካከል አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሠማርተዋል። ከእነዚህ ሁሉ የጎረቤት አስተማሪ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዘመቻው አልቆ ወደ ቤቱ የማይመለስ መሆኑ ነው። ቤቱ እዚያው ነውና፣ የተናገረው ቢበቅልም ባይበቅልም በየቀኑ ያየዋል።

እንግዲህ ሥልጠናው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መሬቱን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ሰውን ማወቅ ነው። እኔና ጓደኞቼ የትምህርት ቤታችን የእርሻ ክበብ አባላት በመሆናችን፣ ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀናት በገበሬ ማሠልጠኛ ቦታ ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ተምረን ነበር። ከዚያ ያገኘሁትን፣ በኋላም በሥራ ያየሁትን በተራ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ክፍል፤ መሬቱን ማወቅ

1ኛ፤ አፈር። አስተማሪ የሚሆን ሰው በመጀመሪያ አፈሩን በእጁ መመርመር ይማራል። እርጥብ አፈር ጨብጦ በመዳፉ መካከል ሲያሽከረክረው፣ አልያያዝ ብሎ የሚፈርስ ከሆነ አሸዋ ይበዛበታል፤ እንደ ፈትል ቀጥኖ የሚሳብ ከሆነ ሸክላነት ይበዛበታል። ሸክላነት የበዛበት አፈር ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን በክረምት ሥርን ያፍናል። በአዊ አገር ከዚህ የሚብሰው የአፈሩ አሲዳምነት ነው። ምክንያቱም ብዙ ዝናብ በወረደ ቍጥር ካልሲየምንና እርሱን የመሰሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ታች አጥቦ ይወስዳቸዋል። አሲዳምነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቍጥር ሲሆን 7 ማለት መካከለኛ ነው፤ ብዙ አትክልት ከ6 እስከ 7 ያለውን ይወዳል። ከ5.5 በታች በወረደ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፎረስም ታስሮ ይቀራልና ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ አይጠቀምበትም። በእርሻ ላይ የዚህ መድኀኒቱ ተለክቶ የሚበተን ኖራ ነው። በጓሮ ግን ኮምፖስት አብዝቶ መጨመርና የምድጃ አመድ በመጠኑ መበተን ይረዳል። አመድ ሲበዛ ደግሞ ይጎዳልና፣ «ጥቂት ጥሩ ከሆነ ብዙ ይሻላል» የሚለውን ዐሳብ መተው ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ኮምፖስት። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ማዳበሪያ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል በሆነ ቦታ ላይ መጀመሪያ ደረቅ ነገር፣ ማለት ገለባና አገዳ፣ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል። በላዩ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ ቀጥሎ ፍግ ወይም እበት፣ ቀጥሎ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይደረጋል። እንዲህ እየተደራረበ አንድ ሜትር ከፍ ሲል በሣር ይሸፈናል። በመካከሉ ረጅም እንጨት ይሰካበታል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሙቀትና እርጥበት ያለው ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውሃ ያስፈልገዋል፤ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና መገልበጥ ይገባል። በየወሩ እየተገለበጠ በሦስት ወይም በአራት ወር ጥቁርና የዱር አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። አገራችን ቀዝቃዛ ስለ ሆነ መቸኮል አይጠቅምም።

3ኛ፤ ዘር። ከገበያ የተገዛ ዘር ሁሉ ይበቅላል ማለት አይደለም። ሰው ዘሩን መሬት ላይ ከመጣሉ በፊት 20 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ቦታ ያስቀምጥ፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ ይጠብቅ። እንደ ዘሩ ዐይነት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ 16ቱ ቢያቈጠቁጡ ከመቶ 80 ይበቅላል ማለት ነውና መልካም ነው። 8 ብቻ ቢያቈጠቁጡ ወይ ዘሩን አብዝቶ መዝራት፣ ወይ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ይህ ፈተና አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ብዙ ብር ግን ያድናል።

4ኛ፤ መደብ። የመደቡ ወርድ አንድ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከሁለቱም ጎን ሆኖ እጅ እስከ መካከሉ እንዲደርስና እግር በላዩ እንዳይቆም ነው። በክረምት ውሃው እንዲወርድ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይደረጋል፤ በበጋ ግን ውሃ እንዲይዝ ዝቅ ይላል። ጥቅል ጎመንና ሰላጣ በችግኝ መደብ ተዘርተው፣ አራትና አምስት ቅጠል ሲያወጡ ወደ ቦታቸው ይዛወራሉ። ችግኝ ከመነቀሉ በፊት ለጥቂት ቀናት ውሃውን ቀነስ፣ ጥላውንም ገለጥ ማድረግ ያጠነክረዋል። ካሮት ግን ሥሩ ስለሚጣመም ተነቅሎ አይተከልም፤ እዚያው ይዘራና ሲበዛ ይሳሳል።

5ኛ፤ ውሃ። በዚህ ረገድ ዳንግላ ብዙ የምታስተምረን ነገር አላት። በዳንግላ ወረዳ በዳንጊሽታ ቀበሌ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለ ሆነ፣ ሰው በእጁ በቈፈረው ጕድጓድ በበጋ ጓሮውን ያጠጣል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በዚያ ቀበሌ ከገበሬዎች ጋር ሆነው በየጓሮው ሙከራ አድርገዋል። ይኸውም መሬቱን ደጋግሞ ከመቈፈር ይልቅ በሣር ጉዝጓዝ መሸፈንና ውሃውን በጠብታ ማጠጣት ነው። ጉዝጓዙ ፀሐይ ከአፈሩ ላይ ውሃ እንዳትወስድ ስለሚከለክል፣ ባነሰ ውሃ የተሻለ ምርት መገኘቱን አይተዋል። ውሃ ከጕድጓድ ቀድቶ የሚሸከም ሰው፣ ይልቁንም እናቶቻችንና እኅቶቻችን፣ የአንድ ጀሪካን ልዩነት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታል።

6ኛ፤ ተባይና በሽታ። ተክሎችም እንደ ሰው ዘመዳሞች አሏቸው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ጎመንና ጥቅል ጎመን አንድ ናቸው፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አንድ ናቸው፤ ባቄላና አተርም እንዲሁ። የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በአንድ ቦታ በየዓመቱ ቢተከሉ የሚያጠቃቸው በሽታም እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ቦታ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። በጎመን ላይ የሚወርደውን ክሽክሽ፣ ገና ጥቂት ሳለ፣ የተጎዳውን ቅጠል በመቍረጥና በሳሙና ውሃ በማጠብ ማብረድ ይቻላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌት ብላይት የሚባለው የድንችና የቲማቲም በሽታ ነው። ይህ በሽታ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ይነሣና በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን አጥቍሮ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ ድንቹን ሁሉ አጥፍቶ፣ ከዚያ የተነሣ በመጣው ረኃብና በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቍም ነገር በደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። መጻፍና ማወቅ ግን አንድ አይደሉም።

የእኔ ስሕተት

በሠፈራችን ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። በየዓመቱ ክረምት በጓሯቸው ድንችና ጎመን ይተክላሉ። በነሐሴ፣ እህል በሚያልቅበት ወራት፣ ቤተሰቡ የሚበላው ያንኑ ድንች ነው። እኔ ከሥልጠናው እንደ ተመለስሁ፣ ደብተሬን ይዤ በሰኔ ወር ወደ እርሳቸው ሄድሁና፣ ቲማቲም በገበያ ዋጋው ጥሩ ስለ ሆነ የጓሯቸውን እኩሌታ ቲማቲም እንዲተክሉበት መከርኋቸው።

እርሳቸውም ሰማዩን ቀና ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ቲማቲም ይህን ዝናብ ይችለዋል ብለህ ነው?» አሉኝ።

እኔም፣ «እማማ፣ ተምሬ ነው የምነግርዎ» አልኋቸው።

እኒያ እናት የተማረ ሰው ስለሚያከብሩ ሁለት ዶሮ ሸጠው ችግኝ ገዙ። መደቡን እኔ ሠራሁ፤ ልጆቻቸውም ረዱኝ። ተክሉ አምሮ በቀለ፤ እኔም በመንገድ ሳልፍ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ዝናቡ ሌት ተቀን ሲጥል በቅጠሎቹ ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጥቁር ነገር ታየ። በሳምንቱ አንድም ደኅና ተክል አልቀረም። በሽታውም ከቲማቲሙ አጠገብ ወደ ነበረው ድንች ተሻገረ፤ ዘመዳሞች ናቸውና። ነሐሴ ሲገባ ከዚያ ጓሮ የሚቈፈር ድንች አልነበረም። እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም ሳትናገረኝ አንድ ቁና ድንች ሰፍራ በእኔ አሸክማ ላከችላቸው። ያችን ቁና ተሸክሜ የሄድሁባት መንገድ አጭር ነበረች፤ ለእኔ ግን ረዘመችብኝ።

እኒያ እናት አልተቈጡኝም። ድንቹን ተቀብለው አመስግነው ሲያበቁ፣ «አንተ የቲማቲሙን ነገር ታውቀው ይሆናል፤ የዚህን ጓሮ ዝናብ ግን እኔ 30 ዓመት አየሁት» አሉኝ።

ጥፋቱ የአሠልጣኛችን አልነበረም፤ እርሱ በሽታው በብርድና በእርጥበት እንደሚነሣ ነግሮን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርሳቸው ጠይቀውኝ ሳለ እኔ አልሰማኋቸውም። በመስከረም የደረቀውን ቅጠል ይዤ ወደ ባለሙያው ዘንድ ሄድሁ። ቅጠሉን አይቶ የበሽታውን ስም ከነገረኝ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከመትከልህ በፊት ሴትዮዋን ምን ብለህ ጠየቅሃቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሥልጠናውን ሁለተኛ ክፍል የጀመርሁት በዚያ ቀን ነው።

ሁለተኛው ክፍል፤ ሰውን ማወቅ

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ቀን ፈረሱ እንዴት ተሸልሞ እንደሚጋልብ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ማንም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይጋልብም። መጀመሪያ ሣር ያጭዳል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ፈረሱን ይስባል፤ የፈረሱን ጠባይ ካወቀ በኋላ ነው ኮርቻ ላይ የሚወጣው። የጎረቤት አስተማሪም እንዲሁ በሥርዐት መሄድ ይገባዋል።

1ኛ፤ ከመናገር በፊት መጠየቅ። በዚህ ጓሮ ከዚህ ቀደም ምን ተተክሏል? ምን ጠፋ? ውሃ የሚተኛበት የት ነው? ውርጭ የሚወርድበት በየትኛው ወር ነው? የሚያጠጣው ማን ነው? ምርቱ ለቤት ነው ወይስ ለገበያ? ይህን ሳይጠይቁ ምክር መስጠት፣ በሽተኛውን ሳያዩ መድኀኒት እንደ ማዘዝ ነው።

2ኛ፤ በትንሹ መሞከር። አዲስ ነገር በጓሮው እኩሌታ ላይ አይሞከርም፤ በአንዲት ጠባብ መደብ ላይ እንጂ። ቢሳካ ይሰፋል፤ ባይሳካ የቤተሰቡ ምሳ አይጎድልም። ለድኻ ቤት የሙከራ ዋጋ ከሌላው ይልቅ እንደሚከብድ አስተማሪው ዘወትር ማሰብ አለበት።

3ኛ፤ ጎን ለጎን ማሳየት። አንዱ መደብ እንደ ቀድሞው፣ ሁለተኛው እንደ አዲሱ ይሠራል። ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዐይኑ ሲያይ ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

4ኛ፤ በሚገባ ቋንቋና በሚመች ሰዓት መናገር። ብዙዎቹ ታላላቆቻችን የዕፀዋቱንና የአፈሩን ስም በአዊኛ ነው የሚያውቁት። በመጽሐፍ ቃል ከመናገር ይልቅ በእነርሱ ቃል መናገር፣ ቃሉን የማያውቅም መጠየቅ ይገባዋል። እናቶችን በሥራ ሰዓት ከመጥራት ይልቅ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ከእነርሱ ጋር መቀመጥ ይሻላል።

5ኛ፤ «አላውቅም» ለማለት አለማፈር። የማያውቀውን ጠይቆ መጥቶ የሚመልስ ሰው ይታመናል፤ የማያውቀውን የሚመልስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይታመናል።

6ኛ፤ መመለስና መመዝገብ። የተዘራበትን ቀን፣ የዘነበበትን ቀን፣ የጠጣውን ውሃ፣ የተገኘውን ምርት በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ገበሬ አይችለውም የሚል ቢኖር እንደ ገና ዳንጊሽታን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ሲሠሩ፣ የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጕድጓዱን ውሃ ጥልቀት እየለኩ የመዘገቡት የቀበሌው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። መዝገቡም ከሌሎች መለኪያዎች ጋር ሲመሳከር የሚታመን ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ተመራማሪም ሊሆን እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

በመጨረሻ የሆነው

በጥቅምት ወር ወደ ጎረቤታችን ተመልሼ ሄድሁ፤ ደብተሬን ግን በኪሴ አደረግሁት። «እማማ፣ በዚህ በጋ ምን ቢተከል ይሻላል ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ እንደሚወርድ፣ ከጓሮው ታችኛው ጫፍ ላይ እንደሚብስ፣ በቤቱ ግድግዳ ጥግ ግን ቀለል እንደሚል ነገሩኝ። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር። ቆስጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት እንዲተከል የመረጡት እርሳቸው ናቸው፤ ቃሪያውን በግድግዳው ጥግ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለት እኩል የቆስጣ መደቦች አንዱን በሣር ጉዝጓዝ እንድሸፍን። ፈቀዱልኝ።

ውሃውን የሚያጠጡት እርሳቸውና ትልቋ ልጃቸው ስለ ነበሩ ጀሪካኑን የቈጠሩትም እነርሱ ናቸው። ባዶው መደብ በየሁለት ቀኑ ውሃ ሲጠይቅ ጉዝጓዝ ያለው አራት ቀን ይቈይ ነበር። በጥር ወር አንድ ቀን በአጥሩ አጠገብ ሳልፍ፣ ሁለት የሠፈር እናቶች ከእርሳቸው ጋር ቆመው አየሁ። ጎረቤቴ ሣሩን በእጃቸው ገልጠው ከሥሩ ያለውን እርጥብ አፈር ያሳዩአቸው ነበር። እኔ አልገባሁም፤ መግባትም አላስፈለገኝም። ትምህርቱ ከእኔ ይልቅ በተሻለ አስተማሪ እጅ ገብቷልና።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ! ክረምት በመጣ ቍጥር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ረጅም ጊዜ እናገኛለን። የአንድ ሰው ጓሮ ይዞ አንድ መደብ ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዶማ፣ ጥቂት ዘርና ትዕግሥት ይበቃል። መምህሮቻችንም በክፍል የምንማረውን የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ትምህርት በትምህርት ቤታችን ግቢ በአፈር ላይ እንድናየው እንዲረዱን በአክብሮት እለምናለሁ። ወላጆቻችን ደግሞ፣ ልጃችሁ አዲስ ነገር ተምሮ ሲመጣ ከጓሯችሁ አንዲት ጠባብ መደብ ስጡት፤ ሁሉን ግን አትስጡት። ሲሳሳትም ሰማዩን አሳዩት።

ሳልማር የጠመጠምሁትን ጥምጥም ፈትቼ አስቀምጫለሁ። አሁን በመማር ላይ ነኝ፤ አስተማሪዬም ከአጥር ማዶ ናቸው።